በሞራ የከረመው ሞተር

ሰዎች፣ ዛሬ እስከ ክርኔ የበሬ ሞራ ውስጥ ገብቼ ነው የዋልኩት። ታጥቤም ይሸተኛል፣ ኤጭ!

ማንኩሳ ከተማ፣ የአባቴ አጎት አያ ተሰማ ጓሮ አንድ አሮጌ ሞተርሳይክል አለ። ዛሬ ለቆራሌው ሊሸጡት ነው ሲባል በባጃጅ በረርኩ።

ስደርስ ሞተሩ አይታይም። ሞራ፣ ሞራው ላይ የዶሮ ላባ፣ ላባው ላይ የአይጥ ጸጉር! ሽማግሌ ጎረቤቶቹ ከበው «ይሄማ የወፍጮ ሞተር ነው» ይላሉ። ሽማግሌ መቼም ሳያይ ያውቃል።

«አያ፣ ማን ነው እንዲህ ያደረገው?»

«እኔ ነኛ! የበቅሎ ኮርቻስ በሞራ አይደል የሚከርመው?» አሉ ኮራ ብለው።

እጅጌዬን ሰብስቤ በእንጨት ፋቅሁት። ከሥር ግራና ቀኝ እንደ ጆሮ የወጡ ሁለት ሲሊንደሮች ብቅ አሉ። እንዲህ ያለ ሞተር ያየሁት ዩቲዩብ ላይ ብቻ ነው። ዝገት የለውም። ማስነሻውን ስረግጠው ፒስተኑ እሺ ብሎ ተንቀሳቀሰ።

አያ ተሰማ ወደ ቆራሌው ዞሩ። «ሂድ አንተ፣ አይሸጥም።»

ከዚያ ወደ እኔ፦ «አየኸው? ሞራዬ ነው ያቆየው!»

የሚያበሽቀኝ እውነታቸውን መሆኑ ነው።

የእናንተ ቤት ሽማግሌዎችስ ምኑን በምን ቀብተው አስቀምጠዋል? ጻፉልኝ፣ ብቻዬን አልግማ።