ምቱን ያልመለሰ እጅ

ዛሬ ወልድያ ልሄድ ከመርሳ ተነሥቼ ውርጌሳ ተገኘሁ። መንገዱን ለማያውቅ ልንገረው፤ ወልድያ ወደ ሰሜን ነው፣ ውርጌሳ ወደ ደሴ። ዕድሜዬን ሙሉ በዚሁ አስፋልት ዳር ኖሬ፣ በአንድ መኪና በር አጠገብ ባዶ ወንበር ሳይ ዘልዬ ገባሁ፤ መኪናው ፊቱን ወዴት እንዳዞረ ማየት የጅል ሥራ መስሎኝ።

«አባቴ፣ ወልድያማ በጀርባዎ ቀረች እኮ!» አለኝ ሾፌሩ።

«ዞራ ትምጣ ብዬ ነዋ!»

ተሳፋሪው ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ቀጠሮዬ ግን አራት ሰዓት ላይ ነበር።

የምሄደው ለቀኝ እጄ ነው። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ነበርኩ ብል ይሻላል። አምና ስትሮክ መታኝና ቀኝ እጄ ባዶ እጅጌ ሆኖ ከትከሻዬ ተንጠልጥሏል። ወልድያ ጭንቅላትን ከላይ በማግኔት የሚመታ መሣሪያ ለጥቂት ሳምንት በእንግድነት መጥቷል ተባለ። ከአንጎል ወደ እጅ የሚወርደው መንገድ ክፍት ይሁን ዝግ ይለያል። ክፍት ከሆነ እጄ በልምምድ ሊመለስ ይችላል። ዝግ ከሆነ የስፌት መኪናዬን ልሸጥ ለባለቤቴ ለዘይነባ ቃል ገብቻለሁ።

ሦስት ሰዓት ተኩል፣ ሲሪንቃ

ከውርጌሳ ሌላ መኪና ይዤ፣ የራሴን ቤት በመስኮት እያየሁ፣ መርሳን እንደ እንግዳ አለፍኳት። እዚያ የተሳፈሩ አንድ የግራና ገበሬ የሽንኩርት ጆንያቸውን ይዘው አጠገቤ ተቀምጠዋል።

«አንቱ፣ እጅዎ ምን ነካው?»

«ጡረታ ወጣ።»

«እርስዎስ?»

«እኔን ጥሎኝ ነው የወጣ።»

«አላህ ያሽርዎት» አሉና ጎንበስ ብለው ጆንያውን ገፋ አደረጉ። እጄ ከሥሩ ተጨፍልቆ ኖሯል። አላወቅሁም። ከዚያ በኋላ ቀልድ አልመጣልኝም።

ሲሪንቃ ላይ የምርምር ጣቢያው ማሽላ በየመደቡ ቆሟል፤ በየፊቱ ትንሽ ሰሌዳ ተተክሎለታል። እኔም ዛሬ ሰሌዳ ሊተከልልኝ የምሄድ ማሽላ ነኝ አልኩ በሆዴ።

ከአራት ሰዓት በኋላ፣ ወልድያ

ዘግይቼ ደረስኩ። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ አልተቆጣችም። ሽቦ የበዛበት ቆብ አጠለቀችልኝ፣ በሁለቱም አውራ ጣቶቼ ሥር ሌላ ሽቦ ለጠፈች። የነጭ ጋዋኗ ኪስ ተተርትሮ ተንጠልጥሏል። የሰፊ ዓይን መቼ ያርፋል!

«ልጄ፣ ይቺ እጅ ከመለሰች ኪስሽን እሰፋልሻለሁ።»

«ተስማማን» አለች እየሳቀች።

መጀመሪያ ደህናውን ግራ እጄን ሞከረች። የመሣሪያውን ጠፍጣፋ የሽቦ ጥቅል ጭንቅላቴ ላይ ደግፋ «ጧ!» ስታደርገው አውራ ጣቴ ዘለለ። ደገመች፤ አሁን ጥቂት ብቻ ነቅነቅ አለ። ሦስተኛው ላይ እንደገና ዘለለ።

«ለምን ይለግማል?»

«ምቱ ያው ነው። አንጎልዎ ግን የራሱ ሞገድ አለው፤ ያለማቋረጥ ይወጣል፣ ይወርዳል» አለች፣ ስክሪኑ ላይ የሚንቀጠቀጠውን መስመር እያሳየችኝ። «ብዙውን ጊዜ ምቱ ሞገዱን ከታች ሲያገኘው እጅ በደንብ ይመልሳል፤ ከላይ ሲያገኘው ይደክማል።»

«የስፌት መኪና ነዋ! መርገጫው ጫፍ ላይ ቆሞ ሳለ ብትረግጪው መዘውሩ እንቢ ይላል፣ ወይ ወደኋላ ዞሮ ክር ይበጥሳል። ትንሽ አለፍ ሲል ብትነኪው ግን ይበራል።»

«እንዲያውም ከእኔ በላይ አስረዱት» አለች።

ከዚያ ወደ ቀኝ እጄ ዞረች። ጧ! ዝም። ጧ! ዝም። እኔ ግን አሁን ሰበብ ተምሬያለሁ፤ ሰዓቱ አልገጠመም፣ ሞገዱ ከላይ ነው፣ የሚቀጥለው ያገኘዋል እላለሁ። እንዲህ ያለ ዕውቀት ተስፋን እንደ ላስቲክ ይስበዋል። ዓይኔን ሳላርገበግብ ጣቴን አየሁት።

በመጨረሻ «አሁን ኮምፒውተሩ ራሱ ሞገዱን እየጠበቀ፣ ከታች ሲሆን ብቻ ይምታ» አለች። ለምሳ ሁለት ጊዜ ከበር ጠሯት፤ በእጇ ምልክት ሰጥታ መለሰቻቸው። መሣሪያው ጠበቀ፣ መታ፤ ጠበቀ፣ መታ። እጄ ጭኔ ላይ የሌላ ሰው ዕቃ መስሎ ተቀምጧል።

«መንገዱ አለ ወይስ የለም?» አልኳት።

ጥቅሉን አስቀመጠች። «በምችለው ሁሉ ፈለግሁት አባባ። አላገኘሁትም።»

«ምናልባት ሌላ ቀን ሞገዱ…»

«ብዙ ጊዜ በትክክለኛው ሰዓት መትተነዋል» አለች ቀስ ብላ። የቀረችኝን አንዲት ሰበብ እንዲህ ወሰደችብኝ። አልዋሸችኝም፤ ብትዋሸኝ ግን ደስ ይለኝ ነበር።

ማታ፣ መርሳ

ስመለስ የመኪናውን አቅጣጫ ሦስት ሰው ጠይቄ ተሳፈርኩ። ዘይነባ ደጅ ቆማ ጠበቀችኝ።

«ምን አሉህ?»

«ለስፌት መኪናዋ ገዢ ፈልጊ።»

ጨርቁን ከመኪናዋ ላይ ገፈፈችና የዘይት ጠርሙሱን አነሣች።

«ልቀባት። ደርቃ አትሸጥም» አለች፤ ፊቷን አላሳየችኝም።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት አንድ ነገር ነው፤ መልስ የሚጠፋው ሁልጊዜ ሰዓቱ ስላልገጠመ አይደለም። እስከ ዛሬ እጄ በደጉ ቀን ይመለሳል እያልኩ ስጠብቅ የኖርኩት እኔ ይህን አላወቅሁም ነበር።

የሐኪሟ ነገር ግን አልለቀቀኝም። እንደ ውላችን ኪሷን የምሰፋው እጄ ከመለሰ ነበር፤ አልመለሰም፤ ነፃ ነኝ። ግን ያቺ ልጅ ምሳዋን ትታ በዝግ በር ላይ ስታንኳኳልኝ ዋለች። በግራ እጄ ክር በመርፌ ልሰካ ሞከርኩ፤ ክሩ ቀዳዳውን ሳተ፣ መርፌውም ሦስቴ ወጋኝ።

ኪሷ እንደተተረተረ ነው። ዕዳዋ አለብኝ።