ሦስቱ ሰዎችና የቀበሌው ጊታር

ጊታር የተማርኩት ከሦስት ፈረንጆች ነው። አንዳቸውንም በአካል አይቼ አላውቅም፤ ስማቸውን እንኳ የሰማሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ያስተማሩኝ ከሚሴ ከተማ፣ በአባቴ ራዲዮ መጠገኛ ሱቅ ውስጥ፣ አንድ የአሰብ መስመር ሾፌር ለጥገና ትቶት በሄደው ቴፕ አማካይነት ነው።

ዘመኑ የደርግ ነበር። ሃያ አንድ ዓመቴ ነው፤ በተወለድኩበት ከተማ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ከሰዓት በኋላ ክፍል ከሌለኝ አባቴ ሱቅ እቀመጣለሁ። ሱቋ አስፋልቱ ዳር ስለሆነች ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር መደርደሪያው ላይ ያሉት ራዲዮኖች ይንቀጠቀጣሉ። ሾፌሩ ቴፑን ሲያመጣ «አልዞር ብሏል፤ በሳምንት እመለሳለሁ» ብሎ ነበር። ወር አለፈ፣ ሁለት ወር አለፈ፣ አልመጣም።

አባቴ ቴፑን ከፍቶ የተበጠሰችውን ጎማ አወጣና ከብስክሌት ካላማዳሪ ቀጭን ቀለበት ቆርጦ በቦታዋ አስገባ። ቴፑ ዞረ። ውስጡ የቀረው ካሴት መጫወት ሲጀምር ግን ፊቱ ተኮሳተረ።

«ስፒከሩ ተቀዷል» አለ።

እውነትም የጊታሩ ድምፅ እንደ ወፍጮ ያጓራል። አባቴ ስፒከሩን ፈትቶ አየው፤ ደህና ነው። ሽቦዎቹን እንደገና በየዳቸው። ያው ነው። በሦስተኛው ቀን ካቻቢቴውን አስቀምጦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ።

«ነይ ስሚ እስቲ፣ ኢንታላ ኮ» አለኝ። «ልጄ» የሚለኝ ሁልጊዜ በኦሮምኛ ነው። «ሰውየው ሲዘፍን ድምፁ ንጹሕ ነው። ከበሮውም ንጹሕ ነው። ጊታሩ ብቻ ነው የተቀደደው። ወላሂ፣ ሆን ብለው ነው!»

«ስንት ሰዎች ናቸው?» አልኩት።

«ሦስት። አንዱ ከበሮ፣ አንዱ ወፍራሙን ክር፣ አንዱ ቀጭኑን ይመታሉ። ባለ ቀጭኑ ራሱ ነው የሚዘፍነው። ሲዘፍን ጊታሩ ዝም ይላል፤ አፉን ሲዘጋ ጊታሩ ይመልስለታል።»

አባቴ ከዜናና ከመንዙማ ሌላ የሚያዳምጠው ነገር አልነበረም። ያን ቀን ግን እኔ እንደ አንድ ጫጫታ የሰማሁትን ሦስት ቦታ ለይቶ አሳየኝ። ከዚያ ወዲያ ካሴቱን መተው አቃተኝ።

የቀበሌያችን የኪነት ቡድን አንድ ጊታር ነበረው። ተጫዋቹ ወደ ግንባር ከሄደ ወዲህ መጋዘን ውስጥ ከመፈክር ጨርቆች ጋር ተጥሎ ነበር። የቡድኑን መሪ፣ አኮርዲዮን የሚጫወት ረጋ ያለ ሰው፣ ሄጄ ጠየቅኩት።

«ከተማርሽው ለበዓል ትጫወቺልናለሽ» አለኝ። «ካልተማርሽውም አቧራውን ጠርገሽ ትመልሺዋለሽ።»

አምስት ክር ብቻ ነው የቀረው። ስድስተኛውን አባቴ ከብስክሌት ፍሬን ካቦ አንድ ቀጭን ሽቦ መዝዞ ሠራልኝ። አቃኛኘቱን የሚያሳየኝ ሰው ስለሌለ ክሮቹን ከካሴቱ ጋር አስተያይቼ ቃኘኋቸው። መጀመሪያ የያዝኩት የወፍራሙን ክር ጉዞ ነው፤ ወር ሙሉ እሱን ብቻ። የጣቶቼ ጫፍ ስለቆሰለ ጠመኔ መያዝ እንኳ ያመኝ ነበር።

ቀጭኑ ጋ ስደርስ ግን ተያዝኩ። ትክክለኛውን ቦታ ብነካም የኔ ደረቅ ይሆናል፣ የሰውየው ያለቅሳል። አባቴ የአንድ ሰው ራዲዮ ላይ እንዳቀረቀረ፣

«አይነካውም፤ ይገፋዋል» አለ። «ጣቢያ ስትፈልጊ ቁልፉን ቀስ አድርገሽ አይደል የምታዞሪው? እንደዚያ ነው። ድምፁ ከታች ተነሥቶ ነው ቦታው የሚደርሰው።»

ክሩን በጣቴ ወደ ላይ ገፋሁት። አለቀሰ። ራዲዮው እስኪጠገንለት የሚጠብቅ ከጨፋ ሮቢት የመጣ አንድ ገበሬ በርጩማው ላይ እንደተቀመጠ ቀና ብሎ አየኝና፣ «ምን አገኘሽ፣ ልጄ?» አለኝ። እየሳቅኩ ነበር ለካ።

ሾፌሩ የመጣው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው። መኪናው ለዘመቻ ተይዛ ወደ ሰሜን ስንቅ ሲያመላልስ መክረሙን በኋላ ነገረን። ከስቷል፤ ፂሙም አድጓል። እኔ ስጫወት በሩ ላይ ቆሞ ጨረስኩ እስክል ጠበቀ።

«አሰላሙ አለይኩም። ይሄን ዘፈን ከየት አመጣሽው?»

«ካንተው ቴፕ።»

ሳቁ መጣ። «የኔ ዘፈን እኮ እንዲህ አይተኛም! ሩጫ ነው እንጂ።»

የአባቴ እጅ ቆመ። ቴፑን ከፈተና ያቺን የካላማዳሪ ቀለበት አየ፤ ወፍራም ስለነበረች ሞተሩን ይዛው ኖሯል። በምላጭ አሳስቶ መልሶ አስገባት። ካሴቱ ሲጀምር ሦስቱ ሰዎች የሚያባርራቸው ሰው እንዳለ እየሮጡ መጡ። ድምፃቸውም ቀጥኗል። ልከተላቸው ሞከርኩ፤ ጣቶቼ አልደርስ አሉ። የስንት ወር ልፋቴን ከእጄ የነጠቁኝ መሰለኝና ጊታሩን ጭኔ ላይ አጋደምኩት።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ አባቴ ቀስ ብሎ።

ሾፌሩ ቴፑን ራሱ አጠፋው። በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። «እስቲ ድገሚው» አለኝ፤ «በዚያው በቀርፋፋው።»

ተጫወትኩለት። እስከ መጨረሻው ራሱን በእጁ ደግፎ ሰማኝ። ከዚያ አባቴን መርቆ ቴፑንም ካሴቱንም ይዞ ሄደ። ካሴቱን እንዲተውልኝ አልጠየቅኩትም፤ እሱም ያን ሁሉ መንገድ ብቻውን ነው የሚነዳው።

ለበዓሉ ከቡድኑ ጋር ተለማመድን። ክሮቼ በቀርፋፋው ካሴት ዝቅ ብለው የተቃኙ ነበሩ፤ አኮርዲዮን ደግሞ አይቃኝምና ሁሉንም ወደ እሱ ማክረር ነበረብኝ። የፍሬኑ ሽቦ ይህን አልቻለም፤ በበዓሉ ዕለት ገና ሁለተኛው ዘፈን ላይ ጧ ብሎ ተበጠሰ። በአምስቱ ጨረስኩ። አገሬው የሚያውቀውን ዘፈን ነበር የምንጫወተው፤ በየመሐሉ ግን አንዳንድ ቦታ ክሩን እየገፋሁ አስለቅሰው ነበር፤ ሰውም አጨበጨበ።

አባቴ የኪነት ዝግጅት አይቶ አያውቅም። ያን ቀን ከኋላ ቆሞ አየሁት። ወደ ቤት ስንሄድ ስለ እኔ ምን ይል ይሆን እያልኩ ጠበቅኩ። ግማሽ መንገድ ከሄድን በኋላ፣

«ያ አኮርዲዮን አየር ያስወጣል» አለኝ። «ነገ ሱቅ ይዞት ይምጣ በዪው።»

በማግስቱ መሪው አኮርዲዮኑን ታቅፎ መጣ። ሁለቱ የተቀደደውን ቆዳ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ማጣበቂያ ሲቀቡ ትቻቸው፣ ተማሪዎቼ ወደሚጠብቁኝ ክፍል ሄድኩ።