በእጄ የሰረዝኩት ነገ

ተቀምጬ እግሬን ማወዛወዝ ክፉ አመሌ ነው። ካዛንቺስ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ በተሰበሰብንበት ቅዳሜ ግን ብሶብኝ፣ አጠገቤ የተቀመጡት የኮሌጃችን ዲን ሁለት ጊዜ ጉልበቴን ያዝ አድርገው አስቆሙኝ።

ያኔ እዚያው ካዛንቺስ ኪራይ ሕንፃ ላይ ያለ አንድ የግል ኮሌጅ ውስጥ አስተምር ነበር። ታች የቤት ዕቃ መሸጫ፣ ላይ እኛ። ቀን ክፍሎቹ ባዶ ናቸው ማለት ይቻላል፤ ከሥራ ሰዓት በኋላ ግን ደረጃው በማታ ተማሪ ይጨናነቃል። ከነዚያ አንዷ ታናሽ እህቴ ነበረች። ሜክሲኮ አንድ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ትሠራለች፤ ስትወጣ ታክሲ ተጋፍታ አካውንቲንግ ልትማር ትመጣለች። የቀራት አንድ ዓመት ነበር። "እኔ እያለሁ ምን ትሆኛለሽ" ብዬ ያስገባኋት እኔ ነኝ።

ስብሰባው የከፍተኛ ትምህርት የወደፊት ዕጣ ምን ሊሆን ይችላል የሚል ነው። አወያይዋ ረጋ ያለች ሴት ነበረች። "ትንቢት አይደለም የምንናገረው" አለችን። "ከአሥር ዓመት በኋላ ሊመጡ የሚችሉ አራት ዓይነት ነገሮችን፣ እንደሆኑ አድርገን እንጽፋለን። ከዚያ ለእያንዳንዱ፣ ዛሬ ምን ብናደርግ ይሻላል ብለን እንጠይቃለን።" ዕጣ አወጣን። አንዱ ቡድን ትምህርት ሁሉ በኮምፒውተር የሚሰጥበት ዘመን ደረሰው፣ ሌላው በየከተማው ዩኒቨርሲቲ የተከፈተበት፣ ሦስተኛው ኮሌጃችን አድጎ የራሱን ፎቅ የሠራበት። ለእኛ የወጣው "ኮሌጁ የለም" ይላል።

ዲናችን አነበቡትና አማተቡ።

የእጅ ጽሑፌ ያምራል ተብሎ እስክሪብቶው እኔ ጋ ነበር። አወያይዋ እንዳለችው ጻፍኩ፦ ባለሕንፃው ቦታውን ፈለገው። የማታው ትምህርት ተዘጋ። ሬጅስትራሩ ጥድፊያ ላይ የተማሪውን ውጤት አጠፋ። ከሥሩም "ዛሬ ምን እናድርግ" ለሚለው፦ ማንም ተማሪ ኮፒ ሳያስቀር ዋናውን የውጤት ወረቀት እንዳያስረክብ ይነገረው። ይህን ለመጻፍ ነቢይ መሆን አያስፈልግም፤ የሬጅስትራር ቢሮአችንን ካርቶኖች ያየ ሁሉ ያውቀዋል።

"ልጄ፣ ይሄ ሟርት ነው" አሉ ዲናችን። ዕድሜያቸውን በመምህርነት የጨረሱ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው ናቸው።

"ጋሼ፣ ትንቢት አይደለም ተባልን እኮ።"

"ሰምቻለሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ተማሪው ጆሮ ቢደርስ አንድ ሰው ይቀርልናል? ሰርዘው በቃ።"

ሰረዝኩት። በምትኩ "ተግዳሮቶች ቢኖሩም ኮሌጁ በጽናት ይቀጥላል" የሚል ጻፍኩ። ሲነበብ ከአራቱም ቡድን የበለጠ የተጨበጨበው ለእኛ ነው። አወያይዋ ብቻ አላጨበጨበችም። ሲያልቅ የተሰረዘውን ወረቀት ጠቅልዬ ብብቴ ሥር ያዝኩ፤ ለምን እንደሆነ እንጃ።

ታክሲ መጠበቅ አልቻልኩም። በእግሬ እስከ ደምበል፣ ከዚያም ቂርቆስ እስከ ቤታችን ድረስ ሽማግሌውን በልቤ እየተሳደብኩ ሄድኩ። የተማረ ሰው ሟርት ይፈራል! ሳይቃጠል በቅጠል ሲባል አልሰማም? ቤት ስደርስም መቀመጥ አቃተኝ።

እህቴ ልብስ እያጣጠፈች ነበር። "ስብሰባው እንዴት ነበር? ማለቴ፣ ኮሌጁ ሊዘጋ ነው የሚባለው እውነት ነው እንዴ? ጓደኛዬ ጎተራ አካባቢ ወዳለ ኮሌጅ ልትዛወር ነው። እኔስ ምን ይሻለኛል?"

"ክፉ አታውሪ!" አልኳት።

ከአፌ ሲወጣ ራሴ ሰማሁት። መንገዱን ሙሉ ጋሼን ስሰድብበት የመጣሁት ቃል ነው። ግን አልመለስኩትም። እኔ አምጥቻት፣ እኔው ውጪ ልላት አፈርኩ። እሷም ልብሷን ማጣጠፏን ቀጠለች።

ለመጨረሻው ዓመት ስትመዘገብ ዋናውን የውጤት ወረቀቷን አምጪ ተባለችና አስረከበች። ብዙም ሳይቆይ ባለሕንፃው ሊያፈርሰው ነው ተባለ። መጀመሪያ የተዘጋው የማታው ነው። የሬጅስትራሩ ካርቶኖች በጭነት መኪና ተጭነው ሌላ ቦታ ሲወርዱ የእህቴ የሁለት ሴሚስተር ውጤት የለም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ እኔ ያን ጊዜ ነው መጮህ የጀመርኩት። ቢሮ ለቢሮ ዞርኩ፣ ጋሼን ደጃቸው ድረስ ሄጄ ተቆጣኋቸው። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝ። እሳቸው ላይ መጮህ ቀላል ነበር። እህቴ ጎተራ ሄዳ የተማረችውን እንደገና ተማረች። በዚያ መሃል መሥሪያ ቤቷ ውስጥ የወጣውን የሒሳብ ሠራተኛ ቦታ ሌላ ሰው ወሰደው።

ከተመረቀች ከዓመታት በኋላ ቤት ስቀይር ያ ጥቅል ወረቀት ወጣ። ልጥለው ነበር፤ አላስቻለኝም፣ ይዤላት ሄድኩ። የሰረዝኩበት ጥቁር መስመር ቀጭን ነበር፤ ከሥሩ ያለው ሁሉ ይነበባል። ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ እስከ መጨረሻው አነበበችው። እግሬ ይወዛወዛል።

"መቼ ነው የጻፍከው?"

"ክፉ አታውሪ ያልኩሽ ቀን።"

ተቆጥታ ብትጮህብኝ ደስ ባለኝ። ወረቀቱን እንደነበረ ጠቀለለችና እጄ ላይ አስቀመጠችው።

"የመሥሪያ ቤታችን ኮፒ ማሽን እኮ" አለችኝ "ከጠረጴዛዬ አጠገብ ነበር።"