ያልተበላሸው ሳጥን

ባለፈው ሳምንት በሃፍላ፣ በከተማው አውቶቡስ፣ ከኦምዱርማን ወደ ካርቱም ድልድዩን ስሻገር ስልኬ በእጄ ላይ እንደ ፍም ጋለና፣ እስኪቀዘቅዝ ድረስ እንደማይሠራ ነግሮኝ ጠፋ። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ዕቃ በሙቀት ሲሸነፍ ባየሁ ቁጥር ባሽመሃንዲስ እያልን የምንጠራው የድሮ አሠሪዬ፣ መሐንዲሱ ሙርተዳ፣ ትዝ ይለኛል፤ እሱ ትዝ ባለኝ ቁጥር ደግሞ ደሜ ይፈላል። ባለቤቴ "በዚህ ዕድሜህ አሁንም?" ትለኛለች። አዎ፣ አሁንም።

ያኔ ጎረምሳ ነበርኩ። በመተማ በኩል ሱዳን ገብቼ ሐጅ ዩሱፍ በሚባል የካርቱም ሰፈር ውስጥ ሰሎሞን ከሚባል የጎንደር ልጅ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። ሁለታችንም የኤሌክትሮኒክስ ሙያ ነበረን። ጠዋት ጠዋት በሃፍላ ተጋፍተን ሱቅ ዐረቢ ገበያ ወደሚገኘው የሙርተዳ ወርሻ፣ ወደ ጥገና ቤቱ፣ እንሄዳለን። ሬዲዮና ቴሌቪዥን እንጠግናለን፤ የጠገንነውን ሙርተዳ ይረሳዋል፣ ያበላሸነውን ግን ለጎረቤት ነጋዴዎች ሁሉ ያወራዋል።

አንድ ጊዜ ከመሬት በታች የሚያፈስ የውሃ ቧንቧ በድምፅ የሚያገኝ መሣሪያ ታዘዝን። መሬት ላይ የሚቀመጡ ማይክሮፎኖች የውሃውን ድምፅ ይሰማሉ፤ አራት ፕሮሰሰሮች ሥራውን ተካፍለው ከመኪናና ከሰው ጫጫታ ይለዩታል። ሰርኪቱን አብረን ሠርተን ጨረስን። የቀረው ሳጥኑ ነበር። ሲያዩት ቀላል ነገር ይመስላል። አራት የሚግሉ ቺፖችን፣ ሠራተኛ አንጠልጥሎት በሚዞር ትንሽ ሳጥን ውስጥ፣ በካርቱም ፀሐይ ማኖር ግን ቀልድ አይደለም። አየር ካላስገባህ ይቃጠላሉ፤ ካስገባህ አቧራው አብሮ ይገባል።

ሙርተዳ ጠራን። "እያንዳንዳችሁ የራሳችሁን ሳጥን ሥሩ። ላሸነፈው ኢቃማ አወጣለታለሁ። ለሌላው መዓ ሰላማ፣ በሰላም ይሂድ!" አለን።

ኢቃማ የመኖሪያ ፈቃድ ነው። ፈቃድ የሌለውን ሐበሻ ፖሊስ በከሻ፣ በድንገተኛ አፈሳ፣ ከመንገድ ለቅሞ ወደ ድንበር ይጭነዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔና ሰሎሞን በአንድ ሳህን ፉል እየበላን መነጋገር አቆምን።

ሰሎሞን የካርቱም ቤቶችን የሚያቀዘቅዘውን፣ በረጠበ ገለባ አየር የሚነፋ ማሽን አሳንሶ በሳጥኑ ጎን ገጠመው። ብልህ ነበር፣ አልክደውም። እኔ ቺፖቹን ከአሉሚኒየም ሳጥን ግድግዳ ጋር አጣብቄ፣ ሙቀቱ በብረቱ በኩል እንዲወጣ ውጪውን እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ሸነሸንኩት። አንዲት ቀዳዳ አልተውኩም፤ ክዳኑንም በማጣበቂያ ደፈንኩት።

የሰኔ ጾም ገብቶ ነበር። ሙርተዳ በቀትር ከነሳጥኖቻችን ቆርቆሮው ጣሪያ ላይ አወጣን። "ሳጥናችሁ የሚችለውን እናንተም ቻሉት" አለ። እሱ ታች በጥላው ከነጋዴዎች ጋር ቀዝቃዛ ከርከዴ እየጠጣ፣ "ያ ሐበሺ! ማነው ቀድሞ የሚበስለው፣ አንተ ወይስ ሳጥንህ?" እያለ ያስቃቸዋል።

"እስቲ የኔን ንካው" አለኝ ሰሎሞን። ነካሁት፤ ቀዝቃዛ ነበር። የኔ እጅ አያስነካም። "ወላሂ አዘንኩልህ" አለኝ።

ከሰዓት በኋላ በደቡብ በኩል ሰማዩ ቀላ። ሀቡብ መጣ፤ ያ እንደ ግድግዳ የሚገፋ የአቧራ ማዕበል። ልንወርድ ስንሮጥ ሙርተዳ መሰላሉን ወሰደው። "ሥራው ገና አሁን ነው!" ሲል ሰማሁት። ሸሚዛችንን ፊታችን ላይ ጠቅልለን በደረታችን ተኛን። አቧራው ጥርሳችን ውስጥ ሳይቀር ገባ።

ሲያልፍ የሰሎሞን ሳጥን ጸጥ ብሏል። የረጠበው ገለባ አቧራውን ወደ ጭቃ ለውጦ ቺፖቹን ለቅልቋቸዋል። የኔው ይሠራል። ሰሎሞን እንደ ሕፃን አለቀሰ። እኔ ደስ አለኝ፤ ኢቃማውን በኪሴ የያዝኩ ያህል ደስ አለኝ።

ሙርተዳ ሁለቱንም ሳጥኖች ወርሻው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። ጭቃውን በጣቱ ጠረገና ፈገግ አለ።

"ይሄ ሀቡብ በመጣ ቁጥር ይበላሻል። በተበላሸ ቁጥር ደንበኛው ወደኔ ይመለሳል። ያንተን ግን፣ ማሻአላህ፣ አንዴ ከሸጥኩት ሰውዬውን ዳግመኛ አላየውም። ሰሎሞን ይቀራል።"

"አሸንፌ የለም እንዴ?" አልኩት።

"አሸንፈሃል፣ ኸላስ። ያላ፣ መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ።"

ቀጥሎ የኔን ሳጥን ወደ ሰሎሞን ገፍቶ መዶሻ ሰጠው። "ቺፖቹ የኔ ናቸው፤ አውጣልኝ።"

ሰሎሞን አላየኝም። መታው። ክዳኑ እምቢ አለ። ደጋግሞ መታው፤ እኔ በሩ ላይ ቆሜ አየሁ። በመጨረሻ ብረቱ ሲሰነጠቅ ሰሎሞን ጎንበስ ብሎ ውስጡን ተመለከተ። አንድ ብናኝ አልነበረም። "ንጹሕ ነው" አለ በቀስታ። ከዚያ መፈልቀቁን ቀጠለ።

በሳምንቱ ከሻ ያዘኝና ወደ ድንበር ተጫንኩ። ቆይቼ ተመልሼ ገባሁ። ዛሬ ኦምዱርማን ውስጥ የራሴ ወርሻ አለኝ፤ እንጀራም ወጥቶልኛል። ሙርተዳን የሚያውቁ ሰዎች ሥራ ያውቅ ነበር ይላሉ። ውሸት የለውም፣ ያውቅ ነበር። ደንበኞቼ ደግሞ አንዳንዴ እግረ መንገዳቸውን ብቅ ብለው፣ "አንተ የሠራኸው እኮ እስከ ዛሬ አልተበላሸም!" ይሉኛል። ፈገግ ብዬ አመሰግናቸዋለሁ፤ ሲወጡ ግን "ሰውዬውን ዳግመኛ አላየውም" ያለው የሙርተዳ ድምፅ ይመጣብኛል።