የሚያነበንበው መንገደኛ

አውቶቡሱ ከመካነ ኢየሱስ ከተማ ከተነሣ ጀምሮ ከእጅጋየሁ አጠገብ የተቀመጠው ሰው ነጠላውን እስከ ጆሮው ተከናንቦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እንደ ቤተ ልሔም የድጓ ተማሪ እየተወዛወዘ ያነበንባል። ጢሙ ሸብቷል፤ የኮቱ ክርን ተጥፏል። ዳዊት የሚደግም መስሏት፣ ባረፈ ቁጥር በልቧ አሜን ትላለች። በኋላ አላስችል አላት።

"አባቴ፣ ልጄ ደብረ ታቦር ሐኪም ቤት ተኝቶብኛል። በጸሎትዎ ያስቡልኝ።"

ሰውየው ነጠላውን ገለጥ አድርጎ ከጆሮው የስልክ ማዳመጫ አወጣ።

"ጸሎት አይደለም እናቴ፤ የኮሪያ ቋንቋ ነው" አለ በደከመ ድምፅ። "ወዴት እንደሚሄዱ ሲናገሩ፣ ምን ሊሠሩ እንደሚሄዱ ሲናገሩ፣ ልሄድ አስቤያለሁ ሲሉም የቃሉ መጨረሻ ይለያያል። እኔ ግን አምታታዋለሁ፤ የቋንቋ ፈተናው ላይ የሚጥለኝም እሱ ነው።"

"ታዲያ ወዴት ነው?"

"ኮሪያ።"

"ምን ሊሠሩ?"

"ፋብሪካ ልገባ።"

"ለመሄድስ ልብዎ ቆርጧል?"

ሰውየው ፊቱን በመስኮቱ ወደ ገብሱ ማሳ አዞረ። አውቶቡሱ እያቃሰተ ዳገቱን ወጣ። ከዚያ ማዳመጫውን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተና ነጠላውን አስተካከለ።

"የልጅዎ የክርስትና ስም ማን ነው?" አላት።