በሁለቱ ግድግዳዎች መሃል

ግንበኛው ዊልፍ ትሬልፎል ግድግዳ ሲያፈርስ ማየት ትንፋሽ ያስይዛል። ጡቡን አይመታውም፤ ያባብለዋል። በመሮው ጠርዙን ነካ ነካ ያደርግና ከላይ ጀምሮ አንድ በአንድ አንስቶ፣ የተጣበቀበትን አሮጌ ጭቃ ጠርጎ፣ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው ሣሩ ላይ ያጋድመዋል። የባሕሩ ነፋስ ጨው ይዞ በሚዞርባት በእንግሊዟ ፍሊትዉድ፣ ከጉርምስናው ጀምሮ በዚሁ ሥራ ኖሯል።

በዚያ ፀደይ ያፈረሰው የጎረቤቴን የእትዬ ኤድናን ግድግዳ ነበር። የሰፈራችን ቤቶች ግድግዳ ድርብ ነው። የውጩ ዝናቡን ይቀበላል፣ የውስጡ ቤቱን ይሸከማል፤ በመሃላቸው ሦስት ጣት የሚያህል ባዶ አለ። ሁለቱን የሚያያይዟቸው ትናንሽ ብረቶች ናቸው። የድሮ ግንበኞች ግን የጡቡን ማጣበቂያ ጭቃ በከሰል አመድ አቡክተውት ስለነበር አመዱ ብረቱን በልቶት፣ የውጩ ግድግዳ እንደ ነፍሰ ጡር ሆድ ገፍቶ ነበር።

ዊልፍ አንዱን ማያያዣ መዞ በጣቶቹ ሲያሸው እንደ ብስኩት ተፈረፈረ።

"ይሄ ነው ግድግዳዬን ይዞ የኖረው?" አሉ እትዬ ኤድና።

"እሱስ ከለቀቀ ቆይቷል። ሁለቱ አብረው የቆሙት በልማድ ነው።"

"እንደ እኔና እንደ ሟቹ ባሌ በለኛ!"

ሳቅን። ግን የውስጡ ግድግዳ ዊልፍ የሚተክላቸውን አዲስ ማያያዣዎች ካልያዘ እሱም መፍረሱ ነው። እሱ ከፈረሰ ደግሞ እትዬ ኤድና ፕሬስተን ከተማ ያለችው ልጃቸው ጃኒስ ዘንድ ይገባሉ። ጃኒስ ክፍሉን ቀለም ቀብታ ጨርሳለች። "አንዴ ከሄድኩ እንደማልመለስ አውቀዋለሁ" ይሉ ነበር ሻይ ሲያቀብሉን።

ዊልፍ የውስጡን ግድግዳ ግርጌ በስቶ የማይዝግ ማያያዣ በሙጫ ተከለ። ሙጫው ሲደርቅ ሳበው። እንደ ወተት ጥርስ ተነቅሎ መጣ።

"ጡቡ ረጥቧል" አለ።

"በቃ፣ ለጃኒስ ልደውል?"

"ስልኩን ይተዉትና ማንቆርቆሪያውን ይጣዱ።"

ተንበርክኮ የውጩ ግድግዳ ሳይፈርስ በቀረበት ግርጌ፣ ክፍተቱ ውስጥ መሮውን እስከ እጀታው ሰደደ። "እነዚህ ሰነፎች! ሲገነቡ የተንጠባጠበባቸውን ጭቃ ሁሉ እዚህ ጥለውታል።" የጠጠረው ክምር ሁለቱን ግድግዳዎች አገናኝቶ ዝናቡን ወደ ውስጥ ሲያሻግር ኖሯል። ዊልፍ ክምሩን ፈልፍሎ አወጣ፣ የላሸቁትን ጥቂት ጡቦች ቀየረ፣ ከላይ ሸራ ወጥሮ ጎኑን ለነፋስ ተወው። ያ የምንረግመው ነፋስ ቤት ሲያድን አየሁ!

ግድግዳው ከደረቀ በኋላ እንደገና ተከለ። እግሩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ሳበ።

"ሳበው እንጂ፣ አንተ ፈሪ!" አሉ እትዬ ኤድና።

"እየሳብኩ ነው እኮ!" ፊቱ እንደ ጡቡ ቀልቷል። ማያያዣው ንቅንቅ አላለም።

ከዚያ የውጩን ግድግዳ መልሶ መገንባት ያዘ። ዊልፍ ክፍተቱ ውስጥ በገመድ የታሰረ ረጅም ጣውላ ያጋድማል፤ የሚንጠባጠበው ጭቃ እሱ ላይ ያርፋል። አዲስ የማያያዣ ረድፍ ከመትከሉ በፊት ጣውላውን በገመዱ ጎትቶ ያጸዳዋል። እያንዳንዷን ማያያዣም ውሃው ወደ ውጭ እንዲወርድ ትንሽ ያዘነብላታል።

ከመዘጋቱ በፊት እትዬ ኤድና በባትሪ ወደ ክፍተቱ አጮለቁ።

"ምንም የለም እኮ!"

"ምንም እንዳይኖርበት ነው ወገቤ የተቆረጠው።"

ገብተው ደወሉ። ድምፃቸው በመስኮቱ ይሰማን ነበር። "ጃኒስ፣ ቀለሙ ያምራል ብለሽኛል፤ ለገና መጥቼ አየዋለሁ። ሁለት ሌሊት ብቻ ግን!"