ሙኒራ ያለ ቀለም

ለአረፋ ከወልቂጤ ወደ ቡታጅራ ስገባ ለእናቴ ትልቅ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ይዤላት ነበር፤ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ሳያበቃ ግን ከቁም ሣጥኑ ሥር አቧራ የጠጣ የዲቪዲ ማጫወቻ አወጣችና፣ ጫፎቹ ቀይ፣ ነጭና ቢጫ የሆኑትን ገመድ እጄ ላይ አስቀምጣ፣ «እስቲ ሙኒራን አሳዪኝ» ብላኝ ወደ ጓዳ ገባች።

ሙኒራ ታላቅ እህቴ ናት። እኔ ገና ተማሪ ሳለሁ ዓረብ አገር ሄደች፤ በደወለች ቁጥር «ደህና ነኝ» ትላለች፣ እናቴ ደግሞ ስልኩን ዘግታ ፊቷን ካላየሁ አላምንም እያለች ስትብሰለሰል ትውላለች። በእኛ አገር አረፋ ሲደርስ የትም ያለ ሰው ቤቱ ይገባል፤ ከዋናው በዓል ቀደም ብሎ በሚከበረው የሴቶች አረፋም ጎመኑን በቅቤ የምታሽሞነሙነው እሷ ነበረች። መምጣት ባልቻለችበት ዓመት በምትኳ ያንን ማጫወቻና ራሷ የተቀረጸችበትን ዲስክ በጓደኛዋ እጅ ላከች።

ችግሩ የእኛ ቴሌቪዥን ነበር። አባቴ ዳንቴል አልብሶ እንደ ክቡር እንግዳ የሚንከባከበው፣ ምስሉ ሲንቀጠቀጥ ደግሞ ጎኑን በጥፊ ብሎ የሚያስታርቀው ጥቁርና ነጭ ሣጥን ሲሆን፣ ከጀርባው ከአንቴና ቀዳዳ በቀር ምንም አልነበረውም። አባቴ ሦስቱን ባለቀለም ጫፎች እያገላበጠ ሲያጉረመርም፣ ቪዲዮ ቤት የነበረው ጎረቤታችን ሸምሱ የቪዲዮ ካሴት ማጫወቻ ዴኩን እንደ አራስ ልጅ በጋቢ ጠቅልሎ መጣ፤ የማጫወቻውን ገመድ ዴኩ ላይ ሰክቶ፣ ከዴኩ ወደ አንቴናው ቀዳዳ ሌላ ሽቦ አሻገረ። መጀመሪያ የመጣው ድምፅ ብቻ ነበር። «አሰላሙ አለይኩም እማ፤ እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ።»

ቤቱ በእልልታ ተናጋ። እናቴ ግን፣ «ይኼንንማ በስልክም ትለኛለች! ፊቷን፣ ሸምሱ፣ ፊቷን!» አለች።

ሸምሱ ላቡን እየጠረገ ጣቢያ መፈለጊያውን ቀስ ብሎ ሲያዞረው፣ ከሚርመሰመሰው ነጠብጣብ መሐል ሙኒራ ብቅ አለች። እናቴ አፍንጫዋ መስታወቱን ሊነካ እስኪደርስ ተጠጋች።

«ምነው እንዲህ ከሳች? ዓይኗስ ምን ሆኗል?»

«ቴሌቪዥኑ ነው፤ ሰው ያቀጥናል» አለ አባቴ።

«ዴኩም አርጅቷል፤ ምስል ያደበዝዛል» አለ ሸምሱ።

ጥፋቱን ሁሉ በዕቃው ላይ አላከክን። እናቴም አመነች፣ ወይም እኔ ያመነች መሰለኝ፤ የሙኒራን ድርሻ ሥጋ ለብቻው አስቀምጣ በዓሉን እየሳቀች ዋለች። ያን ቀን የነበረውን ደስታ ሳስብ አሁንም ያንገበግበኛል።

ተከታዩ አረፋ ሳይደርስ ሙኒራ በሰው አገር ሞታ እዚያው ተቀበረች። ጉበቷን ታማ ነበር አሉን። ከዚያ ወዲህ ቴሌቪዥኑ ተቃጠለ፣ ቪዲዮ ቤቱ ሞባይል መሸጫ ሆነ፣ ሸምሱ አዲስ አበባ ገባ፣ አባቴም አለፈ። ያን ቀን ቤቱን ከሞላው ሰው እናቴና እኔ ብቻ ቀረን፤ ዲስኩም ማጫወቻው ውስጥ እንዳለ ቀረ፤ ከዚያ በኋላ ከፍቶ ያየው የለም።

በአዲሱ ቴሌቪዥን ሦስቱ ጫፎች ያለ ምንም ልፋት ቀዳዳ ቀዳዳቸውን አገኙ። ሙኒራ ግድግዳውን ሞልታ፣ በቀለም መጣች። ሻርፗ አረንጓዴ ኖሯል፤ አላውቅም ነበር። የዓይኗ ነጭ ግን ነጭ አልነበረም። እንደ እርድ ቢጫ ነበር፤ «ደህና ነኝ» ስትል ከንፈሯ ሳይቀር ቢጫ ነበር።

«ሠራ እንዴ?» አለች እናቴ ከጓዳ።

«ትንሽ ይቀረዋል፣ እማ» አልኩና ሪሞቱን አንስቼ ቀለሙን ጨርሶ እስኪጠፋ ድረስ አወረድኩት።

መጥታ እንደ ድሮው ተጠጋች። አይታ አይታ፣ «ይኼን የሚያህል ቴሌቪዥን ቀለም የለውም?» አለችኝ።

«ማጫወቻው ነው፣ እማ፤ አርጅቷል።»

መስታወቱ ላይ የሙኒራን ጉንጭ በጣቷ ዳበሰች።

«አባትሽም እንዲሁ ነበር ያለኝ» አለች።